ደም አልረጋ ሲል፦ ዲአይሲን ከማዋለጃ ክፍል ጀምሮ መለየትና ማከም

በክንዷ ደም ስር የተተከለው ካኑላ ከገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ደም ይወርዳል። ፕላስተሩን ትቀይራላችሁ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ርሷል። በደንብ አልገባም ብላችሁ ሌላ ክንድ ላይ ትወጋላችሁ። እዚያም ያው ነው። የሽንት ከረጢቱ ቀላ ብሏል። እናቲቱ ደግሞ «አፌን ደም ደም ይለኛል» ትላለች።

ካኑላው ምንም አልሆነም። ደሟ መርጋት አቅቶታል። ሐኪሞች ዲአይሲ የሚሉት፣ ደም በመላው ሰውነት ያለ ቦታው እየረጋ መርጊያው የሚያልቅበት ችግር ውስጥ ገብታለች፤ ወይም በሩ ላይ ናት።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለአዋላጅ ነርሶች፣ ለኢንተርኖችና ራቅ ወዳለ ሆስፒታል ለተመደቡ ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። ዲአይሲ በብዙ በሽታ ይመጣል። እኔ ግን በወሊድ የሚመጣውን መርጬ እሄድበታለሁ። በማዋለጃ ክፍል ነገሩ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ይገሰግሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ ነው። ሌሎቹን ወደ መጨረሻው አነሳቸዋለሁ። መጠኖቹን ከሆስፒታላችሁ መመሪያ ጋር እያመሳከራችሁ ተጠቀሙባቸው። ሲኒየር ሐኪም ካለ ገና ስትጠረጥሩ ጥሩት።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው

ጤነኛ ደም የሚረጋው የቆሰለው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ፕሌትሌቶች ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ወደ ክር ተለውጦ እንደ መረብ ያስረዋል። ቁስሉ ሲድን ክሩ ቀስ በቀስ ይሟሟል።

በዲአይሲ ጊዜ የመርጋት ትእዛዙ በመላው ሰውነት ይተላለፋል። ሰርግ አስቡ። እድምተኛው ሳይደርስ እንጀራውና ወጡ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ታደለ። ባለ ጥሪው ሲመጣ መሶቡ ባዶ ነው። እዚህም እንዲሁ ነው። በጥቃቅን የደም ስሮች ውስጥ ያለ ቦታው ደም ይረጋል። ፕሌትሌቱም ፋይብሪኖጅኑም እዚያ ያልቃል። ማህፀን ላይ እውነተኛው ቁስል ሲመጣ የሚደፍነው ይጠፋል። በዚያ ላይ ማሟሟቻው ከልክ በላይ ይሰራል። ከተሟሟው ክር የሚቀረው ስብርባሪ ራሱ አዲስ ክር እንዳይሰራ ያውካል። ዲዳይመር የምንለው ምርመራ የሚለካው ይህንኑ ስብርባሪ ነው።

አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ የምትደማውም ደም የሚረጋባትም ለዚህ ነው። ከላይ ደም ይፈሳል፤ ከውስጥ የኩላሊት፣ የሳንባና የአንጎል ትናንሽ ስሮች ይዘጋሉ።

እንግዴ ልጅ ደግሞ ቲሹ ፋክተር የተባለውን የመርጋት ማስነሻ በብዛት ይዟል። ይህ ማስነሻ ወደ እናቲቱ ደም ከገባ እሳት እንደነካው ጭድ ነው።

ዲአይሲ ለብቻው የሚመጣ በሽታ አይደለም። ሁልጊዜ ከጀርባው ያስነሳው ነገር አለ። ያ ነገር እዚያው እስካለ ድረስ የምትሰጡት ደም ሁሉ በተቀደደ ጆንያ እህል እንደመስፈር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሄደው በዚህ ሐሳብ ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ላይ ልጠርጥር?

ቀዳሚው ተጠርጣሪ እንግዴ ልጅ ያለ ጊዜው ከማህፀን ግድግዳ መላቀቁ ነው፤ በየዋርዱ አብራፕሽን የምንለው። አንዲት እናት እናስብ። የ8 ወር እርጉዝ ናት። የደም ግፊት አለባት። ድንገት ሆዷን ቆርጧት መጣች። ሆዷ ሲነካ እንደ ጣውላ ደርቋል። የወጣው ደም አንድ ሁለት ፓድ ቢያርስ ነው። የጽንሱ የልብ ምት አይሰማም።

የሚታየው ደም ጥቂት ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ደሙ ከእንግዴ ልጁ ጀርባ ተጠራቅሞ ይሆናል፤ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ሊደበቅ ይችላል። መላቀቁ ጽንሱን እስከመግደል ከደረሰ ከ3 እናቶች አንዷ ገደማ የደም መርጋት ችግር ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ የልብ ምቱ ሲጠፋ፣ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ የእናቲቱም አደጋ በዚያው ቅጽበት ከፍ እንዳለ ቁጠሩት። ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ዝምታ ይወርዳል፤ ሁሉም ስለ ልጁ ያዝናል፤ የእናቲቱ ሰዓት ግን እየሄደ ነው።

ሌሎቹንም አትርሱ። ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ)፣ በተለይ ጉበት ተጎድቶ ፕሌትሌት የሚወርድበት ሄልፕ የሚባለው ዓይነት አለ። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት ሴት አለች። ንጽህና በሌለው ውርጃ ወይም ረጅም ሰዓት በፈጀ ምጥ ምክንያት ኢንፌክሽን ወደ ደሟ የገባባት አለች። በእርግዝና መጨረሻ ጉበት በድንገት ስብ ሞልቶት የሚደክምባትም አለች፤ ብርቅ ነው፣ ግን ክፉ ነው። ጽንስ ማህፀን ውስጥ ሞቶ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ፋይብሪኖጅን ቀስ እያለ ያልቃል።

የእንሽርት ውሃ ወደ እናት ደም መግባት ከሁሉም ይለያል። በምጥ ወይም ልክ እንደወለደች ሴትየዋ በድንገት ትንፋሽ ያጥራታል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ራሷን ትስታለች፣ ልቧም ሊቆም ይችላል። ልቧ ከተመለሰላት ብዙም ሳይቆይ መድማት ትጀምራለች። እዚህ መጠበቅ የለም። መተንፈሻዋንና ልቧን እየደገፋችሁ በዚያው ደም አዘጋጁ።

ደረጃ 2፦ ቱቦውን ጨብጡ

ይህን ክፍል ሆን ብዬ አስረዝመዋለሁ። ብዙ ቦታ የፋይብሪኖጅን ምርመራ የለም። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ሰከንድ የሚለኩት ፒቲና ፒቲቲ ቢኖሩም ሌሊት ላይሰሩ ይችላሉ። አንድ የመስታወት ቱቦና አንድ ሰዓት ግን ጤና ጣቢያም አይጠፋም። ምርመራው የቆየ ነው፤ ሊ እና ዋይት የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የደም መርጊያ ሰዓትን በቱቦ መለካትን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእርግዝናና የወሊድ መመሪያ እስከዛሬ ቀለል ባለ መልኩ ይመክረዋል። እንዲህ ይሰራል፦

1. ትንሽ፣ ንጹህ፣ ደረቅ የመስታወት ቱቦ አዘጋጁ። መጠኑ 10 በ75 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ውስጡ ምንም ኬሚካል መኖር የለበትም። ሀምራዊና ሰማያዊ ክዳን ያላቸው ቱቦዎች መርጋትን የሚከለክል ኬሚካል ስላለባቸው አይሆኑም። ፕላስቲክም አይሁን፤ ደም ፕላስቲክ ላይ ይዘገያል።

2. ከደም ስር 2 ሚሊ ሊትር ደም ቅዱና ቱቦው ውስጥ ጨምሩ። ሰዓቱን ያዙ።

3. ቱቦውን በመዳፋችሁ ጨብጡት። ይህ ለይስሙላ አይደለም። የሰው መዳፍ ሙቀት ደሙን ወደ ሰውነት ሙቀት ያስጠጋዋል። ጠረጴዛ ላይ ከቀዘቀዘ የውሸት መዘግየት ያሳያችኋል።

4. ከ4 ደቂቃ በኋላ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉትና እዩ። ከዚያ በየደቂቃው ደግማችሁ እዩ፤ ቱቦው ሲገለበጥ ደሙ እስከማይፈስ ድረስ።

5. 7 ደቂቃ ሞልቶ ካልረጋ፣ ወይም የረጋው ለስላሳ ሆኖ ወዲያው ከፈረሰ፣ የመርጋት ችግር አለ ብላችሁ ተነሱ።

በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ቱቦ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ከጤነኛ ባልደረባችሁ 2 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ። ደግሞ አንዴ ረጋ ብላችሁ አትተዉት። ዲአይሲ መጀመሪያው ላይ ቱቦውን ሊያልፍ ይችላል። መድማቷ ከቀጠለ በየሰዓቱ ድገሙት። ውጤቱን ከነደቂቃው ካርዷ ላይ ጻፉ። «4፡20 ላይ በ6 ደቂቃ ረጋ፣ 5፡20 ላይ በ9 ደቂቃ አልረጋም» የሚል ሁለት መስመር፣ ሪፈር ለሚቀበለው ሐኪም ከአንድ ገጽ ታሪክ ይበልጥበታል።

ደረጃ 3፦ ላብራቶሪውን በነፍሰ ጡር ዓይን ማንበብ

የምትልኩት ሲቢሲ (የደም ህዋስ ቆጠራ)፣ ፒቲ፣ ፒቲቲ፣ ካለ ፋይብሪኖጅንና ዲዳይመር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የደም ዓይነትና ክሮስማች (የለጋሹ ደም ከሷ ጋር መስማማቱን ማየት) ነው። ክሮስማቹን ከሁሉ አስቀድሙ። ሰማያዊ ክዳን ያለውን ቱቦ እስከ ምልክቱ ሙሉት፤ ጎዶሎ ከሆነ ፒቲው በውሸት ይረዝማል። ሄፓሪን (መርጋትን የሚከለክል መድኃኒት) በነካው መስመር የተቀዳ ደምም እንዲሁ ያሳስታል።

የዓለም አቀፉ የደም መርጋት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ነጥብ አሰጣጥ አለ። ለመቁጠር ቀላል ነው፦

ፕሌትሌት ከ100 ሺህ በላይ ከሆነ 0፣ ከ50 እስከ 100 ሺህ 1፣ ከ50 ሺህ በታች 2።
ዲዳይመር ካልጨመረ 0፣ በመጠኑ ከጨመረ 2፣ በጣም ከጨመረ 3።
ፒቲ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ከረዘመ 0፣ ከ3 እስከ 6 ሰከንድ 1፣ ከ6 ሰከንድ በላይ 2።
ፋይብሪኖጅን በሊትር ከ1 ግራም በላይ 0፣ ከ1 ግራም በታች 1።

ድምሩ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግልጽ ዲአይሲ ነው። ከ5 በታች ከሆነ የለም ማለት አይደለም፤ ይደገማል።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ። ፕሌትሌቷ 110 ሺህ ነው። ፒቲዋ ልክ ነው። ዲዳይመሯ በጣም ከፍ ብሏል። ፋይብሪኖጅኗ 1.8 ነው። ደምሩት፤ 3 ብቻ ነው። ወረቀቱ ዲአይሲ አይደለም ይላል። ላብራቶሪውም 1.8ን ዝቅ ያለ ብሎ አንዲት ኮከብ ቢያስቀምጥላችሁ ነው።

እዚህ ጋ ነው መጠንቀቅ። ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ፋይብሪኖጅን በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም ነው። መውለጃዋ የደረሰ ሴት ግን ከ4 እስከ 6 ይደርሳል። ሰውነቷ ለወሊድ ደም ስንቅ ሰንቋል። ስለዚህ 1.8 ማለት ከግማሽ በላይ ስንቋ ተበልቷል ማለት ነው። በምትደማ እናት ላይ ፋይብሪኖጅን ከ2 ሲወርድ ከባድ ደም መፍሰስ እየመጣ እንደሆነ አድርጋችሁ ተዘጋጁ። በተቃራኒው ዲዳይመር በጤነኛ እርግዝናም ከፍ ስለሚል ብቻውን አያስደንግጣችሁ። ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ የተሻሻለ ነጥብ አሰጣጥ የተሰራውም ለዚሁ ነው።

ፕሌትሌትም ቢሆን ከቁጥሩ አወራረዱን እዩ። ጠዋት 220 ሺህ የነበረ ከሰዓት 115 ሺህ ከሆነ ገና ከ100 በላይ ነው ብላችሁ አትጽናኑ።

ደረጃ 4፦ የሚመስሉትን መለየት

ፕሌትሌት ዝቅ ብሎ ፒቲና ፋይብሪኖጅን ልክ ከሆኑ ሄልፕን ወይም ቲቲፒ የሚባለውን በሽታ አስቡ። ፒቲ ረዝሞ ፕሌትሌትና ፋይብሪኖጅን ልክ ከሆኑ የቫይታሚን ኬ እጥረት ወይም ዋርፋሪን የተባለው ደም አቅጣኝ መድኃኒት ይሆናል። ብዙ ሊትር ሳላይን ከገባላት ደሟ ቀጥኖም ይሆናል። የቆየ የጉበት በሽታ ዲአይሲን በጣም ይመስላል፤ እዚያ የሚረዳችሁ የቁጥሮቹ አለመለዋወጥ ነው። ዲአይሲ በየሰዓቱ ይለዋወጣል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታባክኑ። የምትደማ ሴት ላይ ሕክምናው የሚጀመረው ልዩነቱ ሳይጠራ ነው።

ደረጃ 5፦ ያስነሳውን ማስወገድ

በአብራፕሽን መድኃኒቱ መውለድ ነው። ጽንሱና እንግዴ ልጁ እስኪወጡ ማስነሻው መፍሰሱን አያቆምም። ጽንሱ ሞቶ የእናቲቱ ሁኔታ የተረጋጋ ከሆነ ያለ ኦፕራሲዮን በምጥ መውለድ ይመረጣል። ደሙ የማይረጋን ሆድ መክፈት ሌላ የመድሚያ በር መክፈት ነውና። የእንሽርት ውሃውን አፍስሱ፤ ምጡ ደካማ ከሆነ ኦክሲቶሲን በድሪፕ ጀምሩ። በአብራፕሽን ማህፀን አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ይወልዳል። ደሙ ካልቆመ፣ ምጡ ካልገፋ፣ ወይም ልጁ በሕይወት ካለና መውለጃዋ ካልቀረበ ግን ኦፕራሲዮን ይገባል። ያኔ ደሙ እየተሰጠ ይገባል እንጂ ደም እስኪስተካከል ተብሎ አይጠበቅም።

ኢንፌክሽን ከሆነ አንቲባዮቲኩ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይግባ፤ ማህፀን ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ይጠረግ። አንቲባዮቲክ እየሰጡ የበሰበሰውን እዚያው መተው አያድናትም። ማህፀን ካልኮማተረ ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ባሉን ወይም ኦፕራሲዮን እንደ ደረጃው ይቀጥላል። ግፊት ላለባት ሴት ኤርጎሜትሪን አትስጡ።

ጤና ጣቢያ ያላችሁ እንደሆነ ደግሞ ያስነሳውን ማስወገድ ማለት ሪፈር ማለት ነው። ሁለት ወፍራም ካኑላ ተክሉ፣ ሽንት ቱቦ አስገቡ፣ ሙቀቷን ጠብቁ፣ የተጠራጠራችሁትን በስልክ ተናገሩ። «ደም የሚፈሳት እናት እየመጣች ነው» ከማለት ይልቅ «አብራፕሽን ናት፣ በቱቦ በ7 ደቂቃ አልረጋም፣ ኦ ፖዘቲቭ ናት» በሉ። ተቀባዩ ሐኪም ደም ባንክ የሚደውለው አምቡላንሱ መንገድ ላይ እያለ ነው።

ደረጃ 6፦ ያለቀውን መተካት

የምንተካው ቁጥሩን ለማሳመር አይደለም። ለምትደማ ወይም ኦፕራሲዮን ለምትገባ ሴት ነው። ቁጥሯ ተዛብቶ የማትደማ ሴት በቅርብ ክትትል ልትቆይ ትችላለች።

ፕሌትሌት፦ እየደማች ከ50 ሺህ በታች ከሆነ ስጡ። የማትደማ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ሺህ በታች እስኪወርድ ይጠበቃል።

ፕላዝማ፦ ፒቲና ፒቲቲ ረዝመው እየደማች ከሆነ በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 900 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በረዶውን ለማቅለጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ጥያቄውን አታዘግዩ።

ፋይብሪኖጅን፦ በወሊድ ደም መፍሰስ ከ2 በላይ ለማቆየት እንሞክራለን። ክራዮ የሚባለው ክምችት ካለ 10 ዩኒት፣ ወይም የፋይብሪኖጅን ዱቄት ካለ 3 እስከ 4 ግራም። ፕላዝማ ብቻውን ፋይብሪኖጅንን በደንብ አያነሳም፤ አንድ ከረጢት ውስጥ ያለው ግማሽ ግራም ገደማ ነውና።

ብዙ ሆስፒታል ግን ያለው ሙሉ ደም ብቻ ነው። እንግዲያውስ የቻላችሁትን ያህል ትኩስ የሆነውን ጠይቁ። ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ደም ቀይ የደም ህዋሱ ቢኖርም ፕሌትሌቱ ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ አንዳንድ የመርጋት ፕሮቲኖቹም ቀንሰዋል። በቅርብ የተለገሰና ተመርምሮ ያለፈ ሙሉ ደም ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይዞ ይመጣል። ሳይመረመር መስጠት ግን በፍጹም አይሆንም።

ሳላይንና ሪንገር መነሻ እንጂ ማሳለፊያ አይደሉም። ሊትር በሊትር ላይ ስትጨምሩ የቀረውን ፋይብሪኖጅን ታቀጥናላችሁ፣ ሰውነቷንም ታቀዘቅዛላችሁ። ከ35 ዲግሪ በታች የወረደ ሰውነት የመርጋት ፕሮቲኖቹ ቢኖሩትም በደንብ አይሰሩለትም። ብርድ ልብስ ደርቡላት፤ እርጥብ አንሶላውን ቀይሩ። የደም ከረጢት እንዳይረጋ የሚጨመርበት ሲትሬት ካልሲየሟን ይይዝባታል። በርከት ያለ ደም ከገባላት ካልሲየም ግሉኮኔት ያስፈልጋታል።

ደረጃ 7፦ ትራኔክሳሚክ አሲድና ሄፓሪን

ትራኔክሳሚክ አሲድ ክሩ እንዳይሟሟ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣው ከ20 ሺህ በላይ እናቶችን ያካተተ ጥናት ከወሊድ በኋላ በደም መፍሰስ የሚደርስ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በተለይ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ። መጠኑ 1 ግራም በደም ስር፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ተብሎ። ከ30 ደቂቃ በኋላ መድማቱ ከቀጠለ አንዴ ይደገማል። ከ3 ሰዓት በኋላ ጥቅሙ ይጠፋል። ይህ የወሊድ ደም መፍሰስ ሕግ ነው። በኢንፌክሽን በመጣ ዲአይሲ ግን በዘፈቀደ አይሰጥም፤ የተዘጉት ጥቃቅን ስሮች ተዘግተው ይቀራሉ።

ሄፓሪን ለምትደማ እናት ቦታ የለውም። ጣቶች ሲጠቁሩ፣ እግር ውስጥ ደም ሲረጋ፣ ማለትም መርጋቱ ከመድማቱ ሲያይል ግን በሐኪም ውሳኔ ይገባል። መድማቱ ቆሞ ፕሌትሌቷ ሲያንሰራራ ደግሞ ለመከላከያ ያህል ይታሰባል። ትናንት ደማች ተብሎ ዛሬ የሚመጣውን የሳንባ ደም መርጋት መርሳት ከባድ ስህተት ነው።

ስትሯሯጡ የሚረሱ ነገሮች

ጡንቻ ላይ መርፌ አትውጉ። ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ያለባትን ሴት ማግኒዥየም በቂጥ መውጋት ልማድ ነው፤ ደሟ ለማይረጋ ሴት ግን ትልቅ የደም ቋጠሮ ይሰራባታል። በደም ስር ስጡ። የጀርባ ማደንዘዣም አይሆንም፤ አከርካሪ ውስጥ የሚደማ ደም እግሯን ሊያሽመደምድ ይችላል። አንገት ላይ ትልቅ መስመር ከመትከል ክንድ ላይ የሚጫን ቦታ ምረጡ።

ደሙን በዓይን አትገምቱ። የረሰውን ጨርቅ መዝኑ፣ የደረቁን ክብደት ቀንሱ፤ 1 ግራም ወደ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ኩላሊቷ እየተጠማ ነው። የልብ ምቷ በላይኛው ግፊት ሲካፈል ከ0.9 ካለፈ፣ ግፊቷ ደህና ቢመስልም፣ አትመኗት። ምት 110 ሆኖ ግፊት 105 ከሆነ አልፏል። ላብራቶሪውን ከእያንዳንዱ ዙር ደም በኋላ፣ ስትረጋጋ ደግሞ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ድገሙ። ያስነሳው ነገር ከተወገደ ፋይብሪኖጅን በአንድ ቀን ውስጥ መነሳት ይጀምራል። ፕሌትሌት ቀናት ይፈጅበታል።

ከማዋለጃ ክፍል ውጭ

በኢንፌክሽን የሚመጣው ዲአይሲ ፊቱ ይለያል። መድማቱ ያንሳል፤ የኩላሊት፣ የሳንባና የቆዳ ጉዳቱ ይበዛል። ማጅራት ገትር በያዘው ልጅ ቆዳ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካያችሁ አንቲባዮቲክ ለመስጠት የማንንም ውጤት አትጠብቁ። እኛ አገር በቅማል የሚተላለፈው ግርሻም ፕሌትሌት ያወርዳል፣ ወደ ዲአይሲም ይወስዳል። ነስር ያለበት ትኩሳተኛ የቀን ሠራተኛ ሲመጣ የደም ፊልሙን እዩለት።

በመተማና በሁመራ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ ሰዎችን እባብ ይነድፋቸዋል። የአንዳንዱ እባብ መርዝ ፋይብሪኖጅንን ይጨርሳል። እዚያ የቱቦው ምርመራ 20 ደቂቃ ነው። ሳይነካ ተቀምጦ በ20 ደቂቃ ካልረጋ የእባብ መድኃኒቱ ያስፈልጋል። ያለሱ ፕላዝማ መስጠት መርዙን መቀለብ ነው።

ኤፒኤል የተባለው የደም ካንሰር ደግሞ ወጣቶችን በአንጎል ደም መፍሰስ ይገድላል። አትራ የተባለው ክኒን ገና በጥርጣሬ ይጀመራል፤ ማረጋገጫው በኋላ ይመጣል።

ለአስታማሚ ቤተሰብ

ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ካልለቀቀ፣ ደም ካየች፣ ከወለደች በኋላ ፓዷ ቶሎ ቶሎ ከረሰ፣ ድዷ ወይም አፍንጫዋ ከደማ ሰዓት አትቁጠሩ። ሆስፒታል ስትደርሱ ሐኪሙ ደም ለጋሽ ካለ ጠርታችሁ አምጡ ቢል ዘመድ ጎረቤት ወዲያው ጥሩ። «እስቲ መጀመሪያ እንያት» እያሉ ሁለት ሰዓት ማባከን ብዙ እናት አስቀርቷል። የእናንተ ደም ለሌላ ሴት ቢሄድም የሷ የሚመጣው ከሌላ ሰው ነው።

ከመውጣቷ በፊት

ካርዷ ላይ ምን እንደሆነች፣ ምን ያህል ደም እንደወሰደችና በምን ምክንያት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። አብራፕሽን በሚቀጥለው እርግዝና ሊደገም ስለሚችል ያኔ ከመጀመሪያው ሆስፒታል ትከታተል። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ የተባለውን መርፌ ትውሰድ። የብረት ክኒኗን ለወራት ትቀጥል። ልጇን ካጣች ደግሞ ልጆቻቸውን ከታቀፉ እናቶች መሐል አታስተኟት፤ ሌላ ክፍል ፈልጉላት።

በወር ውስጥ ቀጥሯት። ልጇ ተርፎ ጡቷ ወተት ካልያዘ፣ ድካሟ ካልለቀቃት፣ ወይም ወራት አልፈው አበባዋ ካልተመለሰ በደም ማነስ ብቻ አትለፉት። ብዙ ደም ሲፈስ ከአንጎል ስር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ልትጎዳ ትችላለች። ይህ በሆርሞን ክኒን የሚታከም ነው።